የጋራዡ በር ተከፍቶ የዋለ ዕለት

ቁልፍ እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የገፋሁ ሰው ነኝ፤ ስቴፕለር እንኳ ያለ ፊርማ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ትዳርህ ለምን ፈረሰ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ቁም ሣጥኑን ቆልፌ ሥራ እሄድ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ የጎረቤት ቀሚስ ተውሳ ሠርግ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለው ቤታችን የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን።

ቤታችን ሁለት መግቢያ አለው። አንዱ የግቢው በር ነው። እሱ ከታች በኩል ስለሆነ በጭቃማው ቅያስ ዞሮ፣ ሰባት የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ ነው የሚደረስበት። ሁለተኛው ጋራዡ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋራዡን ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት አድርጎ ሠርቶ ሁለት ተከፋች የላሜራ በር ገጠመለት። ጠዋት መኪናዬን አውጥቼ ስሄድ ጋራዡ ባዶ ይቀራል። ያኔ እናቴ በጓዳ በኩል ወንበሯን እየጎተተች ትመጣና ደፉ ላይ ትቀመጣለች።

ጉልበቷ ደረጃ መውረድ ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ የእሷ ጅማ በጋራዡ በር የምትታየዋ ጅማ ነበረች። ከጅሬን ኮረብታ የሚወርደው፣ ገበያ የሚሄደው፣ ከመስጊድ የሚመለሰው ሁሉ በፊቷ ያልፋል፤ ሳይቆም የሚያልፍ ግን የለም። ዝናብ የያዘው ይጠለልባታል። ባጃጅ የሚጠብቅ እሷ ጋ ሆኖ ይጠብቃል። በቡና ለቀማ ጊዜ ደግሞ ጎረቤቱ ከጓሮው የለቀመውን ሸራ ላይ አስጥቶ ሳለ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ሸራውን እንዳለ ጠቅልሎ ወደ እኛ ጋራዥ ይሮጣል። ከሥራ ስመለስ መኪና ማቆሚያዬ ላይ የአራት ቤት ቡና ተዘርግቶ አገኛለሁ። "ነገ ይነሣል፤ ለዛሬ ውጭ አቁማት" ትለኛለች እናቴ።

እውነቱን ልናገርና እነዚያን ሰዎች አልወዳቸውም ነበር። ማን ገባ? ማን ወጣ? ምን ይዞ ወጣ? መዝገብ የለ፣ ፊርማ የለ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሳይጠፋ እንደማይቀር በሥራዬ አውቀዋለሁ።

የፈራሁትም ደረሰ። ከግድግዳው ሥር የማስቀምጠው የመኪና ማንሻ ክሪክ ተሰረቀ። ይባስ ብሎ እናቴ ሌባውን አይታዋለች። ማየት ብቻም አይደለም፤ ተጨዋውተዋል።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"እንዴት ዋሉ እማማ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ አለኝ። ደኅና ነው አልሁት። ከዚያ ብረቱን ይዞ ሄደ።"

"ብረቱን ሲያነሣ ዝም አልሽው?"

"ኧረ ዝም አላልሁትም። ከብዶት ነበር፤ አይዞህ አልሁት።"

"እማዬ፣ ሌባ እኮ ነው!"

"ሌባ ጉልበት ይጠይቃል እንዴ? አንተ ጉልበቴን ከጠየቅኸኝ ስንት ጊዜህ ነው?"

መልስ ሳጣ ቁልፍ መግዛት ልማዴ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ቁልፍ ብቻውን አልበቃ አለኝና ወደ ላይ የሚጠቀለል፣ በሞተር የሚሠራ፣ በሪሞት የሚታዘዝ በር ላስገጥም ቆረጥኩ።

በሩን የገጠመልኝ ባለሙያ ከአጋሮ የመጣ ነው። ዋና ሥራው በቡና ወቅት የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ሲሆን፣ ቡና በሌለ ጊዜ በር ይገጥማል። እጁ ይሠራል፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይፈጥናል። ግራና ቀኝ ሐዲድ ተከለ፣ ሞተሩን ከላይ ሰቀለ፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚጎተት ሰንሰለት አንጠለጠለ። ግድግዳው ላይም መጫኛ አደረገ፤ ወደ ላይ ሲጫኑት በሩ ይወጣል፣ ወደ ታች ሲጫኑት ይወርዳል፤ መጫኛው በተጫነበት ይቀራል። በመጨረሻ ከኪሱ ሁለት ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች አወጣ።

"እነዚህ ዓይኖቹ ናቸው ጋሼ" አለኝ። "አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ይተያያሉ። በመካከላቸው ሰው ከገባ በሩ ቀጥ ይላል።"

"የት ነው የሚገጠሙት?"

"መመሪያው ከመሬት አንድ ስንዝር ይላል። ግን ታች ካደረግናቸው ዶሮ ባለፈ ቁጥር በሩ ይቆምብዎታል። ወላሂ ይሰለቹታል። ላይ እናድርጋቸው።"

ልክ መሰለኝ። ሁለቱ ዓይኖች ከጣሪያው ሥር፣ ዶሮ ቀርቶ ቀጭኔ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ተገጥመው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። እኔም የርክክብ ቅጽ አዘጋጅቼ "ዓይን፣ ብዛት ሁለት፣ ይዞታ አዲስ" ብዬ ሞልቼ አስፈረምኩት። ምን ያያሉ የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ሰውዬው ዕቃውን ሸክፎ ሲወጣ ምክር ሰጠኝ። "በየወሩ ሐዲዱንና ሰንሰለቱን ጠርገው ግራሶ ይቀቡ። የጅማን ዝናብ ያውቁታል፤ ብረት አይምርም። አልፎ አልፎም ከሥሩ እንጨት ነገር አስቀምጠው ይሞክሩት፣ ይቆም እንደሆነ ይዩ።" ምክሩን በሙሉ በጥንቃቄ ጻፍኩና ፋይል ከፈትኩለት። ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ግራሶ ግን አልገዛሁም።

ሪሞቱ ሁለት ነበር። አንዱን ከቁልፎቼ ቀለበት ላይ አንጠለጠልኩት። ሁለተኛውን ለመጠባበቂያ ብዬ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። እናቴ "ለእኔስ?" ስትለኝ፣ "አንቺ ከከፈትሽው በሩ ምን ሊጠቅም?" አልኳት። የግድግዳውን መጫኛም እሷ እንዳትነካው የላሜራ ሣጥን አሠርቼ ከደንኩትና በትንሽ ጓጉንቸር ቆለፍኩት። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ያኔ ግን ኮርቼበት ነበር።

በሩ ስምንት ወር ተዘግቶ ዋለ። እናቴ ሳሎን ገብታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዎች እየመጡ ላሜራውን ያንኳኩ ነበር። በበሩ ውስጥና ውጭ ሆነው ይጯጯሃሉ።

"ማነው?"

"እኛ ነን! ደኅና ነዎት?"

"ደኅና ነኝ! በታች ዙሩ!"

"ጭቃው አያስኬድም! ሌላ ቀን እንመጣለን!"

ሌላው ቀን እየራቀ ሄዶ ቀረ። ላሜራውን የሚያንኳኳ የነበረው በመጨረሻ ዝናቡ ብቻ ነው። እናቴ ምግብ ቀነሰች። እኔን መንቆርም ተወች፤ ለምላት ሁሉ "እሺ" ማለት አመጣች፤ እናቴ በሕይወቷ እሺ ብላ የምታውቅ ሴት አይደለችም። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደሟን አዩ፣ ስኳሯን ለኩ፣ ሁሉም ደኅና ነው። "ዕድሜ ነው" አሉኝ፤ እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ተረከብኩ። ቤቴ ውስጥ ከክሪኩ በኋላ አንድም ነገር አልጠፋም፤ በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ።

በኅዳር፣ የቡናው ሥራ በደራበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሪሞቱን ስጫነው በሩ እያጓራ ወጣ። መኪናዋን አውጥቼ ልዘጋው ስል መብራት ጠፋ። ሰንሰለቱን ያዝኩና ጎተትኩ። ስምንት ወር ግራሶ ያላየ ሰንሰለት ዝጎ ከጥርሱ ጋር ተጣብቋል፤ ተንጠላጠልኩበት፣ ተወዛወዝኩበት፣ ንቅንቅ አላለም። የአጋሮው ባለሙያ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ አሁን መፈልፈያ ውስጥ ነኝ፤ እጄ በቡና ቀልቷል" አለኝ በማሽኑ ጩኸት መሐል። "ቡናው ይለቅና እመጣለሁ።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ዘንድሮ አልሐምዱሊላህ ጥሩ ነው የያዘው። ጥር ላይ።"

በዚያ ቀን መሥሪያ ቤት የንብረት ቆጠራ ነበረብኝ፤ እኔ ካልደረስኩ መጋዘኑ አይከፈትም። ሣጥኑን ከፍቼ የግድግዳውን መጫኛ ወደ ታች ተጫንኩት። መብራት ስለሌለ ምንም አልሆነም። ምናልባት መብራቱ ሲመጣ በሩ ራሱ ይዘጋ ይሆናል ብዬ እንደተጫነ ተውኩትና ሣጥኑን መልሼ ቆለፍኩ። ብልሃቴ አስደሰተኝ። እናቴ ከጓዳው ብቅ ብላ መንገዱን ታያለች። ስምንት ወር ያላየሁት ፊት ነበር የምታሳየኝ።

"ምንም እንዳትነኪ" አልኳት።

"ሂድ፣ ሂድ። ሥራህ ይረፍድብሃል።"

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከየሰዉ አፍ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። እናቴ እኔ ከዓይኗ ስሰወር ወንበሯን አምጥታ ደፉ ላይ አስቀመጠች። ነገር ግን አልተቀመጠችም፤ እንደዚያ ሆና ሰው ፊት መቅረብ አፈረች። ገላዋን ልትታጠብ፣ ጸጉሯን ልታበጥር፣ ነጭ ቀሚሷንና አዲስ ነጠላዋን ልትለብስ ወደ ውስጥ ተመለሰች። በእሷ ጉልበት ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

በእኛ ሰፈር ደግሞ የቤት በር በሥራ ቀን፣ ያለ ሠርግ፣ ወለል ብሎ ተከፍቶ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ለቅሶ። ያውም ስምንት ወር ተዘግቶ የኖረ በር። ያውም ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ማንም ያልተቀመጠባት የአሮጊቷ ወንበር ብቻዋን ቆማ።

መጀመሪያ ያዩት የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ናቸው፤ የእናቴ የአርባ ዓመት ወዳጅ። ከቤታቸው ሲወጡ ወንበሯን አዩ። "ያ ረቢ! ያ ረቢ! ወዳጄን!" ብለው የያዙትን ዘንቢል ጥለው ጮኹ። ገብቼ ልይ አላሉም፤ ለመግባት አቅም አነሳቸው። እየጮኹ ቁልቁል ለሌሎቹ ሊነግሩ ሄዱ። ወዲያው የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። የዕድራችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም፤ ነገርን በከፊል ማድረግም አይወዱም። የዕድሩን ጋሪ ሙሉውን አስጭነው መጡ። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ብረት ድስቶቹን፣ ሬሳ የሚወጣበትን የብረት ቃሬዛም ጭምር።

እናቴ ታጥባ ለብሳ ብቅ ስትል በራፏ ላይ ድንኳን ይተከላል። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ደነገጠች፤ ግን የምትሠራውን ታውቃለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ፊቷን በጫፉ ሸፍና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ከሌላ ሰፈር፣ ከሰቶ ሰመሮ በኩል የመጡ ስለነበሩ በመልክ አያውቋትም። "እህቷ መሆን አለባት፣ ከሸዋ የመጣች" ተባባሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሸዋ እንዴት ልትደርስ እንደቻለች የጠየቀ የለም። በኋላ የደረሱት ጎረቤቶችም እህቷ ናት ስለተባሉ የተሸፈነ ፊቷን ገልጦ ያየ የለም።

"ማን ነው የሞተው?" ትላቸዋለች እናቴ።

እነሱ ደግሞ እህት ናት ብለዋል፤ ለእህት መርዶ በመንገድ ላይ እንዲሁ አይነገርም። "አይዞዎት እማማ፣ ትንሽ አሟቸው ነው" ይላሉ።

"ማንን ነው ያመመው?"

"ትልቅ ሰው ናቸው። እግዜር ያውቃል።"

እሷም ትልቅ ሰው ማን ይሆን እያለች፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ አንድ በአንድ እያሰበች፣ ለሁሉም በየተራ አለቀሰች።

እኔ በዚያ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ወንበር እቆጥራለሁ። የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። "ጋሼ፣ እማማ ትንሽ አሟቸዋል። ቤት ይፈለጋሉ" አለኝ።

በዚህ አገር ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለት ባልደረቦቼ ግራና ቀኝ ደገፉኝ፤ አለቃዬ "መኪና እንዳትነዳ" አለኝ። ቆጠራው ደግሞ መቆም ስለሌለበት ቁልፉን ጠየቁኝ። ቀለበቱን ከወገቤ ፈትቼ ሰጠሁ። የመጋዘኑ፣ የመኪናዬ፣ የቤቴ፣ የዚያች ሣጥን ቁልፍና ሪሞቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነበሩ። ያለ ፊርማ ነበር የሰጠሁት። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ልብ እንኳ አላልኩትም።

ባጃጁ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለእናቴ የተናገርኳት የመጨረሻ ቃል "ምንም እንዳትነኪ" የሚል ነው። ጉልበቷን አልጠየቅኳትም። ሌባው ጠይቋት እኔ አልጠየቅኳትም። ባጃጁ ውስጥ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ።

ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል፣ ሰዉ ሞልቷል። ባልደረቦቼ ክንዴን ይዘው ሲያወርዱኝ ለቅሶው ደመቀ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተልኝ። በዚያ መንገድ መጨረሻ፣ ጋራዡ ደፍ ላይ፣ እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ታጥባ፣ ቆንጅታ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ልጄ!" አለችኝ እጇን ዘርግታ። "ሰው ሞቶብናል። ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ።"

ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። ምን እንዳልኳት አላውቅም። እሷ ግን ሟቹን የማውቀው መስሏት "በል ንገረኝ፣ እችለዋለሁ" እያለች ጸጉሬን ትዳብሳለች። ወዲያው የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ከታች አለቃሽ አስከትለው ደረሱ። እናቴን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ደግመው አዩ።

"ሱብሃነላህ! አለሽ እንዴ?"

"የት እሄዳለሁ?" አለች እናቴ። "ይልቅ ማን ነው የሞተው?"

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ?"

"ዱጉማ ነው፣ በእውነት አንቺ ነሽ! በርሽ ተከፍቶ አየሁ!"

እናቴ ድንኳኑን አየች። ወንበሮቹን፣ ድስቶቹን፣ ጎረቤቱን ሁሉ፣ ሊቀብራት የመጣውን ሕዝብ አየች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "ይኼ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?" አለች።

ጎረቤታችን አጠገቧ አግዳሚ ስበው ተቀመጡና አንገቷን አቅፈው እንደገና አለቀሱ። ወደ እኔም ዞሩ። "ስንት ቀን ይኼን ቆርቆሮ አንኳኩቼ ተመልሻለሁ ልጄ። ሳላያት ሞተች ብዬ ነው የጮኽሁት። ማሎ፣ እባክህ፣ ለምንድን ነው የዘጋህብን?"

በክሪክ ምክንያት ነው ማለት አፈርኩ።

መቶ አለቃው ሞት እንደሌለ ሲረዱ ቅር ቢላቸውም ዕቃው ወደ ጋሪው እንዲመለስ አዘዙ። ቃሬዛውን ሁለት ሰዎች ይዘውት በራፉ ጋ እንደደረሱ የሰፈሩ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። "መብራት መጣ!" አለ አንዱ። ከጭንቅላቴ በላይ ሞተሩ ጓ አለ። መጫኛውን ወደ ታች እንደተጫነ ትቼው ነበር። በሩ መውረድ ጀመረ፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።

ወገቤን ዳሰስኩ፤ ቁልፍ የለም። ኪሴን ዳሰስኩ፤ ሪሞት የለም። ሁሉም መጋዘን ነው ያለው። የቆለፍኳት ሣጥን ግድግዳው ላይ ሆና ታየኛለች። ከጣሪያው ሥር ሁለቱ ዓይኖች በሰላም እርስ በርስ ይተያያሉ።

"ተነሡ!" ብዬ ጮኽኩ። ለቅሶ ቤት ተነሡ ሲባል ሬሳ ሊወጣ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የሞተ እንደሌለ ገና አልሰማም፤ በዚያ ላይ ቃሬዛውን አይቷል። እዚያ የነበረው ሕዝብ በሙሉ በአክብሮት ብድግ አለ፤ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ባልደረቦቼም እንደ ደንቡ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ያልተነሡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቴ በዚያ ጉልበቷ ብድግ ልትል ሞከረች፤ ነጠላዋ በወንበሩ እግር ተይዞ መልሶ አስቀመጣት። በሩ ከራሷ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ባልደረቦቼ እኔን ለማጽናናት እየታገሉ እኔ ለማምለጥ እታገላለሁ።

መቶ አለቃው ነገሩን ቀድመው አዩ። ቃሬዛውን ከሰዎቹ እጅ ነጠቁና አቁመው ከበሩ ሥር ሰነቀሩት። በሩ ቃሬዛው አናት ላይ አረፈ። ብረቱ ጮኸ፣ ጎበጠ፣ ግን አልወደቀም። ሞተሩ ትንሽ ታገለ፤ ሽታ አወጣ፤ ጭስ አወጣ፤ ዝም አለ። እኔም ባልደረቦቼን ይዤ እየጎተትኩ ደርሼ ሁለቱንም ሴቶች ወደ ውጭ ሳብኳቸው። እናቴ ሊያወጣት የመጣውን ቃሬዛ ዞራ አየችው፤ እሷን ሳይሆን በሩን ተሸክሞ ቆሟል።

የአጋሮው ባለሙያ በጥር መጣ፤ ቡናው አልቆ። ወደ ላይ አንጋጦ "ዓይኖቹ ደኅና ናቸው" አለ። እናቴ ዞራ ያየችው አስተያየት መሰላሉን ፈጥኖ እንዲያመጣ አደረገው። ዓይኖቹ ዛሬ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ናቸው። ዶሮ ባለፈ ቁጥር በሩ ይቆማል፤ ይቁም። የግድግዳው መጫኛ ጣት ሲለቀው የሚለቅ ሆኖ ተቀየረ። ሣጥኑን ነቅዬ ጣልኩት። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሐዲዱንና ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጌ ግራሶ እቀባለሁ፤ ከዚያ ውኃ የሞላ ጀሪካን ከሥሩ አስቀምጬ በሩን እለቀዋለሁ፣ እስኪቆምም ትንፋሼን ይዤ አያለሁ። ሁለቱም ሪሞቶች እናቴ አንገት ላይ ናቸው፤ ከማተቧ ጋር። እኔ ቤት የምገባው አንኳኩቼ ነው።

ቃሬዛውን ባለሙያው ላቃናው ሲል እናቴ አስቆመችው። "ተወው፣ የእኔ ነው" አለችው። ዕድሩም ሌላ አሠራ፤ ጎባጣው ጋራዡ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ክሪኩ በነበረበት ቦታ።

በሩ አሁን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እናቴ የሚበላውን ትበላለች፣ እኔንም ትነቁረኛለች። አንድ ቀን ወንበሯ ላይ ሆና ጠራችኝ።

"ስማ" አለችኝ። "እኔ የሞትሁ ዕለት በሩን ዝጋው። ተከፍቶ ካዩት ተቀምጣለች ብለው ያልፋሉ። ተዘግቶ ካዩት ነው የሚመጡት።"

እንዲህ ያለ ነገር አታውሪ አልኳት። እሷ ግን የሥራ መመሪያ እንደሰጠ ሰው ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

ባለፈው ወር መጀመሪያ እሑድ ጠዋት ግራሶ ልቀባ በሩን አወረድኩት። የሐዲዱን ግማሽ እንኳ አልጨረስኩም፤ ላሜራው ተንኳኳ። ከውጭ የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ድምፅ ተሰማ፤ ከኋላቸው የሌላ ሰው፣ ከዚያም የመቶ አለቃው ከዘራ። "ምነው? ምን ሆናችሁ? ደኅና ናት?" ይላሉ ሁሉም ባንድ ላይ። እጄን ጠርጌ ልመልስላቸው ስል እናቴ ከጨለማው ጋራዥ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሪሞቱን በእጇ ይዛ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቆይ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ትንሽ ያንኳኩ።"